የገባው ሁሉ ወጥቷል? እርሳስና ሰውነታችን፦ የመቶ ዓመት ክርክር

እስኪ ቦርሳችሁን ክፈቱና እርሳስ አውጡ። ልጅ ሆናችሁ ጫፉን ስትነክሱ "ተው፣ መርዝ ነው!" ያላችሁ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ደስ የሚለው ነገር፣ የምትጽፉበት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም። ጥቁሩ ክፍል ከሸክላ አፈር ጋር የተቀላቀለ ግራፋይት ነው፤ ግራፋይት ደግሞ ካርቦን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ቦሮውዴል በሚባል ሥፍራ ብዙ ግራፋይት ሲገኝ ሰዎች የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው ነበር። ካርል ሼሌ የተባለው ኬሚስት በ1779 ካርቦን መሆኑን ቢያሳይም ስሙ ግን አልለቀቀም። በእኛም ቋንቋ መጻፊያውና ከባዱ ግራጫ ብረት አንድ ስም ይዘው ቀርተዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደስ የማይለው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ እውነተኛው እርሳስ ቦርሳችሁ ውስጥ ባይኖርም አጥንታችሁ ውስጥ ግን ጥቂት አለ። እኔም ውስጥ አለ። ከተማ ያደጉ ወላጆቻችን ውስጥ ደግሞ ከእኛ የበለጠ ሳይኖር አይቀርም። እንዴት ገባ? ከገባስ ለምን አልወጣም? ሳይንቲስቶች በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተከራክረዋል። ክርክሩ በአብዛኛው የተካሄደው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ውጤቱ ግን እኛ ሰፈር ነዳጅ ማደያ ድረስ ደርሷል።

መጀመሪያ ሮቶውን እናስብ

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ሰውነት ሲባል ቶሎ የሚታየኝ ጣራ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ነው። ውኃ የሚገባበት ቧንቧ አለ፣ የሚወጣበት ቧንቧ አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ የተጠራቀመ ውኃ አለ።

ወደ ሰውነታችን የሚገባ ማንኛውም ባዕድ ነገር ዋና መግቢያዎቹ ሦስት ናቸው፦ አንጀት፣ ሳንባና ቆዳ። ከገባ በኋላ ደም ተሸክሞት ይዞራል። ጉበት ደግሞ እንደ አንድ ትልቅ ወርክሾፕ ነው፤ የመጣለትን ነገር ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ በውኃ ውስጥ በቀላሉ እንዲሟሟ አድርጎ ይለውጠዋል። በውኃ የሚሟሟውን ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። የተወሰነው በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ተመልሶ በሰገራ ይወጣል። በትንፋሽ የሚወጣም አለ።

ቡናን ውሰዱ። ጠዋት አንድ ስኒ ስትጠጡ ካፌይኑ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ ጉበት ይለውጠዋል፣ ኩላሊት ያስወግደዋል። በአብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ሰው ውስጥ አምስት ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ግማሹ የለም። ይህ ጊዜ "ግማሽ ዕድሜ" ይባላል። ሌላ አምስት ሰዓት ሲያልፍ የቀረው ግማሽ እንደገና ይገመሳል። በነጋታው ሮቶው ባዶ ሊባል ምንም አይቀረውም።

እርሳስ ግን እንደ ካፌይን አይደለም። እርሳስ ንጥረ ነገር ነው። ጉበት የፈለገውን ያህል ቢታገል አንድን የእርሳስ አቶም ሰብሮ ሌላ ነገር ሊያደርገው አይችልም። ሰውነት ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ ማስወጣት ወይም የሆነ ቦታ ማስቀመጥ።

1924፦ ማጣሪያው መርዝ ሲሠራ

በዲሴምበር 1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የመኪና አምራቾችን ሲያስጨንቅ ለቆየ ችግር መፍትሔ አገኘ። የዚያን ጊዜ ሞተሮች ቤንዚኑ ያለጊዜው እየፈነዳ ያንኳኩ ነበር። ቤንዚን ላይ ጥቂት ቴትራኢታይል ሌድ የሚባል የእርሳስ ውህድ ሲጨመርበት ግን ማንኳኳቱ ቀረ። ምርቱ በ1923 ገበያ ላይ ዋለ። የንግድ ስሙ "ኢታይል" ነበር፤ እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ ወጥቷል።

በኦክቶበር 1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤይዌይ በሚባል ማጣሪያ ይህን ፈሳሽ የሚያመርቱ ሠራተኞች የሌለ ነገር ይታያቸው፣ ይጮኹ፣ ይንቀጠቀጡ ጀመር። አምስቱ ሞቱ፤ ከሠላሳ በላይ ሆስፒታል ገቡ። ጋዜጦች ፈሳሹን "የእብደት ጋዝ" አሉት።

ምን ሆኖ ነው? መግቢያዎቹን አስታውሱ። ተራው የእርሳስ ብረት ቆዳን አልፎ ለመግባት ይከብደዋል። ቴትራኢታይል ሌድ ግን አራት የካርቦን ክንዶች ስላሉት ቅባት ውስጥ ይሟሟል። ቆዳን ያልፋል፣ በትንፋሽ ይገባል፣ አንጎል ድረስ ይደርሳል። ጉበት ደግሞ እንደ ልማዱ ሊያስወግደው ፈልጎ አንዱን ክንድ ይቆርጠዋል። የሚቀረው ባለ ሦስት ክንዱ ውህድ ነው፤ የነርቭ ሕዋሳትን ክፉኛ የሚጎዳውም እሱ ነው። ስለዚህ "ጉበት መርዝ ያጣራል" የሚለው አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። ጉበት ይለውጣል፤ የተለወጠው ነገር ከመጀመሪያው የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሚጅሊ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ በፈሳሹ እጁን ታጠበ፣ ጠርሙሱንም አሸተተ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ራሱ በእርሳስ ተመርዞ ዕረፍት ወጥቶ ነበር።

በሜይ 1925 ዋሽንግተን ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር የነበረችው ዶክተር አሊስ ሀሚልተን ከተቃወሙት አንዷ ነበረች። ለእሷ ችግሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ብቻ አልነበረም። ሞተር ውስጥ የተቃጠለው እርሳስ በጭስ ማውጫ ወጥቶ መንገድ ላይ አቧራ ይሆናል። ሚሊዮኖች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢተነፍሱትስ? መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ሾፌሮችንና ጋራዥ ሠራተኞችን ለጥቂት ወራት መርምሮ በጃንዋሪ 1926 "ለመከልከል በቂ ምክንያት አላገኘንም" አለ። ጉዳቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሊታይ ስለሚችል ጥናቱ ይቀጥል የሚል ማሳሰቢያም ጨምሮ ነበር። መንግሥት ጥናቱን አልቀጠለም። የቀጠለው ኢንዱስትሪው ራሱ ነው።

አጥንት ውስጥ ያለው በርሜል

በዚያው በ1926 ጆሴፍ ኦብ የተባለ የሃርቫርድ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ስለ እርሳስ መመረዝ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ዋናው ግኝታቸው፣ ወደ ሰውነት የገባ እርሳስ አብዛኛው ሄዶ የሚቀመጠው አጥንት ውስጥ መሆኑ ነው።

ምክንያቱ ካልሲየም ነው። እርሳስና ካልሲየም ሁለቱም በሰውነት ውስጥ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዘው ይንቀሳቀሳሉ። ሰውነታችን ለይቶ ለማየት ይቸገራል። አንጀት ካልሲየምና ብረት በሚቀበልበት በር እርሳስም አብሮ ሾልኮ ይገባል። አዋቂ ሰው ከበላው እርሳስ አንድ አሥረኛ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ወደ ደሙ ያስገባል። ትንሽ ልጅ ግን እስከ ግማሹ ድረስ ሊያስገባ ይችላል፤ እያደገ ስለሆነ አንጀቱ ማዕድን ፍለጋ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቷል። ሆዱ ባዶ ከሆነ፣ ብረትና ካልሲየምም ከጎደለው፣ በሩ የበለጠ ይከፈታል።

ደም ውስጥ የገባው እርሳስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ይጣበቃል። እዚያም ሄሞግሎቢን ለመሥራት የሚያገለግሉ ኢንዛይሞችን ያደናቅፋል። ከዚያ ከፊሉ በኩላሊትና በሐሞት ይወጣል፣ ከፊሉ ካልሲየምን ተከትሎ አጥንት ውስጥ ይገነባል። አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው።

ኦብና ባልደረቦቹ ሌላም ነገር አስተዋሉ። በሽተኛው ካልሲየም በብዛት ሲያገኝ እርሳሱ ከደም ወደ አጥንት ይሸሻል፤ ካልሲየም ሲያጥረው ደግሞ ከአጥንት ተመልሶ ይወጣል። ይህ ማለት አጥንት ጣጣው ያለቀ መቃብር አይደለም። ቧንቧው በሁለቱም በኩል የሚሠራ በርሜል ነው። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ለልጇ ካልሲየም ከአጥንቷ ስታወጣ የድሮው እርሳስም አብሮ ይወጣል፣ እንግዴ ልጁንም አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል። እናትየዋ በልጅነቷ የተነፈሰችው ጭስ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጇ ዘንድ ሊደርስ ይችላል።

"የገባው ይወጣል"፦ የኪሆ ሒሳብ

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። ሮበርት ኪሆ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። ላቦራቶሪው የሚደገፈው እርሳስ ያለበት ቤንዚን በሚሸጡ ኩባንያዎች ነው። ከ1920ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ስለ እርሳስ የሚጠየቀው ዋና ሰው እሱ ነበር።

ኪሆ ተራ ሰው አልነበረም፤ በጥንቃቄ ይለካ ነበር። ፈቃደኛ ሰዎችን እርሳስ ያለበት ምግብ እየመገበ፣ አንዳንዶቹንም እርሳስ ያለበት አየር እያስተነፈሰ፣ የበሉትን፣ ሽንታቸውንና ሰገራቸውን ለወራት ለዓመታት መዘነ። መደምደሚያው ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ እርሳስ በተፈጥሮ በሁሉም ሰው ውስጥ አለ፤ ሰውነት የማስወጣት ችሎታ አለው፤ የሚገባውና የሚወጣው እየተመጣጠነ ይሄዳል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ80 ማይክሮግራም በታች እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። አደጋ አለ የሚል ሰው ካለ ማስረጃውን ያምጣ።

ለማነጻጸር ብሎ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካና ከመኪና ርቀው የሚኖሩ ገበሬዎችን ሳይቀር ለካ። እነሱም ውስጥ እርሳስ ተገኘ። "አያችሁ፣ ተፈጥሯዊ ነው" አለ። ነገር ግን ገበሬዎቹ የሚበሉበት የሸክላ ዕቃ ላዩ የተቀባው እርሳስ ባለበት ቅብ ነበር።

ቆም ብላችሁ ሮቶውን አስቡ። በደቂቃ አምስት ሊትር ይገባል፣ በደቂቃ አምስት ሊትር ይወጣል። ሒሳቡ ተመጣጥኗል። ጥያቄው፦ ሮቶው ውስጥ ስንት ሊትር አለ? ሩብም ሊሆን ይችላል፣ አፉ ድረስም ሊሆን ይችላል። የገቢና የወጪ እኩልነት ስለ ከፍታው ምንም አይነግራችሁም። እኛ ክፍል ውስጥ ይህን ስህተት የሠራ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። እዚህ ግን ዓለም ለአርባ ዓመት ያህል ሳይጠይቅ አለፈው። በዚያ ላይ አጥንት የሚባለው በርሜል አለ፦ ደሙ ውስጥ ያለው የተረጋጋ ሲመስል በርሜሉ ዓመት በዓመት ይሞላል።

ድንጋይ ሲለካ አየር ላይ የደረሰው ሰው

ኪሆን የሞገተው ሰው ሐኪም አልነበረም። ክሌር ፓተርሰን የድንጋይ ዕድሜ የሚለካ ጂኦኬሚስት ነው። በ1956 ከሰማይ በወደቀ ዓለት ውስጥ ያለውን እርሳስ ለክቶ ምድር 4.55 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት አሳተመ። ይህን ለማድረግ ግን ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ምክንያቱም የላቦራቶሪው አየር፣ ውኃው፣ ዕቃው፣ የራሱ ፀጉር ሳይቀር በእርሳስ የተበከለ ስለነበር ውጤቱ ይበላሽበት ነበር። ክፍሉን እየፈገፈገ፣ አየሩን እያጣራ በጣም ንጹሕ ላቦራቶሪ ሠራ።

ከዚያ ጥያቄው ተከተለው፦ ይህ ሁሉ እርሳስ ከየት መጣ? የባሕር ውኃ ሲለካ ላይኛው ክፍል ላይ ያለው እርሳስ ከጥልቁ በጣም የበዛ ሆኖ አገኘው። የግሪንላንድን በረዶ ሲለካ ደግሞ ከድሮው ንብርብር ወደ አዲሱ በመጣ ቁጥር እርሳሱ ይጨምራል።

በ1965 ባወጣው ጽሑፍ ፓተርሰን አንድ ቀላል ነገር ለየ። "የተለመደ" ማለት "ተፈጥሯዊ" ማለት አይደለም። ኪሆ የለካቸው ሰዎች ሁሉ ቀድሞ በተበከለ ዓለም ውስጥ ይኖሩ ነበር። በፓተርሰን ስሌት የዘመኑ አሜሪካዊ ከተፈጥሯዊው መጠን መቶ እጥፍ ገደማ እርሳስ ተሸክሟል። በ1966 ሁለቱም የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው መሰከሩ። ከነዳጅ ኢንዱስትሪው ያገኘው የነበረ የምርምር ገንዘብ ተቋረጠበት፤ በ1971 አየር ላይ ስላለ እርሳስ በተቋቋመው ብሔራዊ የባለሙያዎች ቡድን ውስጥም አልተካተተም። በ1979 ግን ከባልደረቦቹ ጋር 1,600 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የፔሩ ሰዎችን አጥንት ለክቶ መጣ። ያኔ የታየው ልዩነት መቶ እጥፍ ሳይሆን ከዚያም ብዙ የበለጠ ነበር። ፓተርሰን ራሱ ዝቅ አድርጎ ነበር የገመተው።

በመሃሉ፣ በ1976፣ ማይክል ራቢኖዊትዝና ባልደረቦቹ ሮቶውን በትክክል ሣሉት። ለአምስት ጤነኛ ወንዶች ምልክት ያለው የእርሳስ አይሶቶፕ በምግብ ሰጥተው ተከታተሉት። አንድ ሮቶ ሳይሆን ሦስት ተገኙ፦ ደም ውስጥ ያለው አንድ ወር ከጥቂት ቀናት፣ ለስላሳ አካላት ውስጥ ያለው አርባ ቀን ገደማ፣ አጥንት ውስጥ ያለው ግን አሥርት ዓመታት ይቆያል።

የወተት ጥርስ የተናገረው

ይቀራል አንድ ጥያቄ፦ እርሳሱ አለ እንበል፤ ጉዳቱ የት አለ? የሚጮኽ፣ የሚንቀጠቀጥ ልጅ የለም።

ኸርበርት ኒድልማን የተባለ የሕፃናት ሐኪም የደም ምርመራ ብቻውን እንደማይበቃው ገባው። ደም የሚናገረው ያለፈውን ወር ነው። የልጅነትን ሙሉ ታሪክ ማን ይናገራል? አጥንት። ከጤነኛ ልጅ አጥንት አይቆረጥም፤ ነገር ግን ስድስትና ሰባት ዓመት ላይ ልጁ ራሱ አውልቆ የሚሰጠው ነገር አለ፦ የወተት ጥርስ! እኛ ጣራ ላይ የምንወረውረውን እሱ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከአንደኛና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሰበሰበ።

በ1979 ውጤቱ ወጣ። አንዳቸውም የመመረዝ ምልክት ያልታየባቸው ልጆች ነበሩ። ይሁን እንጂ ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ጥቂት ከተገኘባቸው ይልቅ በማሰብ ችሎታ ፈተና ዝቅ አሉ፤ መምህሮቻቸውም "ሐሳቡ ይበተናል፣ ትዕዛዝ መከተል ይቸግረዋል" የሚሉት እነሱን ነበር። ማንም ያላወቀባቸው በሽተኞች ነበሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ገደቡ ወረደ፣ ወረደ። በልጆች ደም ውስጥ አሳሳቢ የሚባለው መጠን በአሜሪካ በ1960ዎቹ 60 ማይክሮግራም ነበር፤ 40 ሆነ፣ 30፣ 25፣ በ1991 10፣ በ2012 5፣ በ2021 3.5 ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የሚለው ምንም ጉዳት የማያስከትል የታወቀ መጠን የለም ነው።

ቧንቧው ሲዘጋ

እርሳስ ከቤንዚን መውጣት ሲጀምር የታየው ነገር ደስ ያሰኛል። በአሜሪካ ሕዝብ ደም ውስጥ የነበረው አማካይ መጠን በ1970ዎቹ መጨረሻ 12.8 ማይክሮግራም ነበር፤ በ1990 አካባቢ 2.8 ደረሰ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች፣ እኛም ጭምር፣ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ተሰናበቱት። የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች፤ በ2021 መሸጥ አቆመች። ከሚጅሊ ግኝት እስከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ነው።

"ታዲያ የገባውን በመድኃኒት ማስወጣት አይቻልም?" ትሉ ይሆናል። እርሳስን ይዘው በሽንት የሚያስወጡ መድኃኒቶች አሉ፤ በጽኑ የተመረዘን ሰው ሕይወት ያተርፋሉ። ነገር ግን በ2001 አሜሪካ ውስጥ መካከለኛ መጠን የተገኘባቸው 780 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ሲታይ፣ መድኃኒቱ የደማቸውን እርሳስ ቀነሰ እንጂ የማሰብ ችሎታቸውን አላሻሻለም። ባዳበረው አንጎል ላይ የደረሰ ጉዳት በሽንት አይወጣም። መፍትሔው መግቢያውን መዝጋት ነው።

መግቢያው ደግሞ እኛ ዘንድ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የመኪና ባትሪ በግቢ ውስጥ ተሰብሮ እርሳሱ ሲቀለጥ አቧራው ልጆች የሚጫወቱበት አፈር ላይ ያርፋል። የተላላጠ አሮጌ ቀለም አለ። ከቁርጥራጭ ብረት የተቀለጠ ድስት ውስጥ እርሳስ መገኘቱን በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ያረጀ ባትሪ እቤት አይከፈትም። ታናናሾቻችሁ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ። ጎመን፣ ጥራጥሬ፣ ወተት የሚያገኝ ልጅ አንጀቱ ለእርሳስ እንደዚያ አይከፈትም።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ታሪክ ያዙ። የሆነ ቀን የላቦራቶሪ ውጤት ይሰጣችሁና "ኖርማል ነው" ትባላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፣ ደስ ይበላችሁ። ግን "ኖርማሉ የተለካው ከእነማን ጋር ተነጻጽሮ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ፓተርሰን የጠየቀው እሱን ነው።